ሰውን በፈተና መመዘን፦ የስብዕና ምዘናዎች ስለ እኛ ምን ያህል ያውቃሉ?

ካይል ቤም በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ባይፖላር በሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ሲታከም ቆየ። ካገገመና ወደ ትምህርት ለመመለስ ከተዘጋጀ በኋላ ግን እንደ ብዙ ተማሪዎች የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈለገ። ክሮገር በተባለው ሱፐርማርኬት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ሥራውን ሊለቅ በመሆኑ ክፍት ቦታ እንዳለ ነገረው። ሥራው ተራ፣ ክፍያውም በሕግ ከተፈቀደው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ያልበለጠ ነበር። ካይል ማመልከቻውን በኮምፒውተር ሞላ፤ ከማመልከቻው ጋር የቀረቡለትን ስለ ጠባይና ስለ ስሜት የሚጠይቁ በርካታ ጥያቄዎችም መለሰ። ለቃለ መጠይቅ የጠራው ግን አልነበረም። ምክንያቱን ጓደኛውን ሲጠይቅ፣ የስብዕና ፈተናው «ቀይ መብራት» እንዳበራበት ተነገረው።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ካይል በሌሎች መደብሮችም አመለከተ፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ቀረቡለት፤ በሮቹም በተመሳሳይ ሁኔታ ተዘጉ። አባቱ ሮላንድ ቤም በአትላንታ የሚኖሩ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ልጃቸው የሥራ ማመልከቻው ጥያቄዎች በሆስፒታል ሳለ ከቀረበለት የስብዕና መመዘኛ ጋር እጅግ እንደሚመሳሰሉ ሲነግራቸው፣ ነገሩ ከቤተሰብ ሐዘን አልፎ የሕግ ጥያቄ ሆነ። የሒሳብ ሊቋ ካቲ ኦኒል በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀጥሎም በ2021 የወጣ «ፐርሶና» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን ለዓለም አሰሙት።

ጉዳዩ የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አትላንታና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። ከዓለም ዙሪያ የተሰደዱ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በሰፈሩባት ክላርክስተን፣ በሃርትስፊልድ-ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ፣ በመጋዘኖችና በትልልቅ መደብሮች ሥራ የሚፈልግ ወገን፣ አሠሪውን በአካል ከማየቱ በፊት የኮምፒውተር መጠይቅ ሊገጥመው ይችላል። «በማያውቁት ሰው ፊት መናገር አያስጨንቀኝም»፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ በፍጹም አልስማማም። መልሱን ማን እንደሚያነበውና በምን ቀመር እንደሚደመር አመልካቹ አያውቅም። ስለዚህም እነዚህ ፈተናዎች በእርግጥ ምን ይለካሉ፣ ምንስ አይለኩም የሚለው ጥያቄ ለመዝናኛ ብቻ የሚነሳ አይደለም። የዕለት እንጀራን የሚመለከት ነው።

አሮጌ ፍላጎት፣ አዲስ ልብስ

ሰውን በዓይነት በዓይነቱ መመደብ የዘመናዊ ሳይንስ ፈጠራ አይደለም። የጥንቶቹ ግሪኮች የሰውን ጠባይ በአካሉ ውስጥ ካሉ አራት ፈሳሾች ጋር ያያይዙት ነበር። በአገራችንም «አውደ ነገሥት» በመባል የሚታወቀው መጽሐፍ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተመናሉ፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ያመለክታል። ኮከቡም እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቁጡ ይሁን ታጋሽ፣ ለጋስ ይሁን ቆጣቢ፣ ከማን ጋር ቢጋባ እንደሚስማማው ይነበብለታል። ሁለት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከመዳራቸው በፊት ኮከባቸውን ያስቆጥሩ የነበረው ያልታወቀውን ሰው አስቀድሞ ለማወቅ ከነበራቸው ጉጉት የተነሳ ነው። ዛሬ አሠሪው ሥራ ፈላጊውን በመጠይቅ የሚመረምረው ከዚሁ ጉጉት ተነስቶ ነው።

ዘመናዊው የስብዕና መጠይቅ የተወለደው በጦርነት ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የጦር ሜዳ ድንጋጤ ወታደሮችን ሲያሰናክል ያየው የአሜሪካ ሠራዊት፣ በአእምሮ ሊታወኩ የሚችሉትን ምልምሎች አስቀድሞ መለየት ፈለገ። የሥነ ልቦና ሊቁ ሮበርት ዉድዎርዝም አዎ ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ ጥያቄዎች አዘጋጁ። ጦርነቱ ቀድሞ ስላበቃ መጠይቁ ለታሰበለት አገልግሎት እምብዛም አልዋለም፤ ሐሳቡ ግን ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ተሻገረ።

በ1921 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ ስለ ሥነ ልቦናዊ ዓይነቶች የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ወደ ውስጥ ባተኮሩና ወደ ውጭ ባተኮሩ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት መሠረት ያደረገ ነበር። ዩንግ ግን ንጹሕ ወደ ውስጥ ያተኮረ ወይም ንጹሕ ወደ ውጭ ያተኮረ ሰው አለ ብለው አላስተማሩም። ይህን ጥንቃቄ ወደ ጎን ትተው ሐሳቡን ወደ መጠይቅ የለወጡት ካትሪን ብሪግስና ልጃቸው ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው። እናት ግብርና፣ ልጅ የፖለቲካ ሳይንስ ያጠኑ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሥነ ልቦና መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። ኢዛቤል ከዚያ በፊት የታወቁት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብዙ ሴቶች ወደ ሥራ ሲሠማሩ፣ እያንዳንዱን ሰው ለጠባዩ በሚስማማ ሥራ ላይ ማዋል ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር። ዓላማቸው በጎ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚህ የተወለደው የማየርስ-ብሪግስ ምዘና ሰዎችን በአራት ጥንዶች ከፍሎ 16 ዓይነት ያደርጋቸዋል፤ እያንዳንዱም ዓይነት በአራት የላቲን ፊደላት ይጠራል። ዛሬ ወጣቶች በማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸው ላይ ከስማቸው ቀጥለው የሚጽፏቸው እነዚህኑ አራት ፊደላት ነው።

መስታወቱ ለምን እውነተኛ ይመስላል?

ፈተናውን የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ «ልክ እኔን ነው የገለጸኝ!» ይላል። ይህ አድናቆት ግን የፈተናው ትክክለኛነት ማስረጃ አይደለም። በ1948 የአሜሪካ የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቻቸው የስብዕና ፈተና ሰጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለእርሱ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል መግለጫ አድለው፣ ምን ያህል እንደሚገልጸው ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ እንዲመዝን ጠየቁ። አማካይ ውጤቱ 4.26 ሆነ። እውነቱ ሲገለጥ ግን ለሁሉም የተሰጠው ጽሑፍ አንድና ያው ነበር፤ መምህሩ ዓረፍተ ነገሮቹን የለቀሙት በመንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር።

ሰው ሁሉ ራሱን የሚያገኝባቸው አባባሎች አሉ። «አንዳንድ ጊዜ ከሰው ጋር መጫወት ትወዳለህ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብቻህን መሆን ትመርጣለህ» ቢባል የማይስማማ ማን ነው? የሚያሞግሱ ቃላት ሲበዙበት ደግሞ ተቀባይነቱ ይጨምራል። በማየርስ-ብሪግስ 16 ዓይነቶች ውስጥ ክፉ ዓይነት የለም፤ ሰነፍ የለም፤ ቂመኛም የለም። ሁሉም በየፈርጁ የተመሰገነ ነው። ይህም ፈተናውን የሚወደድ አደረገው። ሁሉንም የሚያስደስት መስታወት ግን ፊትን በትክክል ለማሳየት የተሠራ አይደለም።

በአትላንታ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩትና በ2020 ያረፉት የሥነ ልቦና ሊቅ ስኮት ሊሊየንፌልድ፣ ሳይንስ የሚመስለውን ከሳይንስ በመለየት ሥራ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ የቀለም ነጠብጣብ አሳይቶ «ምን ይታይሃል?» የሚለውን የሮርሻክ ፈተናና መሰሎቹን መርምረው፣ ከሚሰጡት ትርጓሜ አብዛኛው በበቂ ማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን አሳይተዋል። የእርሳቸው ትምህርት በአጭሩ ሲነገር፣ አንድ ምዘና ለረጅም ዘመን መሠራቱና ባለሙያዎች መውደዳቸው ልክ መሆኑን አያረጋግጥም የሚል ነበር።

ሚዛኑን መመዘን

ማንኛውም መሣሪያ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲለካ ያንኑ ውጤት ይሰጣል ወይ? የሚለው ነው። ጠዋት 60 ኪሎ፣ ከሰዓት በኋላ 85 ኪሎ የሚል ሚዛን ላይ ማንም ነጋዴ ቡና አይመዝንም። ሁለተኛው፣ እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል ወይ? የሚለው ነው። በየጊዜው 60 ኪሎ ብቻ የሚያሳይ ሚዛን የማይዋዥቅ ቢሆንም፣ የተበላሸ ከሆነ አይጠቅምም።

የማየርስ-ብሪግስ ምዘና በሁለቱም ይደክማል። ፈተናውን ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ከሚወስዱት መካከል ብዙዎቹ ከአራቱ ፊደላት ቢያንስ አንዱ ተቀይሮ ያገኙታል። ምክንያቱን ለመረዳት የሰዎችን ቁመት ማሰብ ይበቃል። ከ1.70 ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ «ረጅም»፣ በታች ያለውን ሁሉ «አጭር» ብለን ብንከፍል፣ 1.69 እና 1.71 ሜትር የሆኑት ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ጎራ ይቆማሉ፤ 1.71 እና 1.95 የሆኑት ግን አንድ ዓይነት ይባላሉ። አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ ስለሚገኝ፣ በአንድ ቀን የስሜት ለውጥ ብቻ ድንበሩን ሊሻገር ይችላል። የሰው ጠባይም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ሰው ፍጹም ዝምተኛም ፍጹም ተጫዋችም ሳይሆን በመካከል ይገኛል። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ማስረጃዎቹን መርምሮ፣ ምዘናውን ለሙያ ምክር ለመጠቀም የሚያበቃ በቂና በሚገባ የተነደፈ ጥናት እንደሌለ ደምድሟል። የምዘናው ባለቤት የሆነው ኩባንያም ራሱ ሠራተኛን ለመምረጥ ሊውል እንደማይገባው ይናገራል።

ከዚህ የተሻለ መሠረት ያለው መለኪያ አለ። «አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት» ይባላል። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነትና ታታሪነት፣ ከሰው ጋር ተግባቢነት፣ ገርነትና ስምምነት፣ እንዲሁም የስሜት አለመረጋጋት ናቸው። ይህ ሞዴል ሰውን በሳጥን አይከትም፤ በእያንዳንዱ ባሕርይ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ባለ መስመር ላይ የሚገኝበትን ቦታ ያመለክታል። ውጤቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ የጸና ነው። በ1991 መሪ ባሪክና ማይክል ማውንት የተባሉ ተመራማሪዎች ቀደምት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጥንቁቅነትና ታታሪነት በልዩ ልዩ የሥራ ዘርፎች ሁሉ ከሥራ ውጤት ጋር ግንኙነት እንዳለው አገኙ።

ግንኙነቱ ግን ምን ያህል ነው? ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች የሚሰጡት የተዛምዶ መጠን በ0.2 አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 0.04 ይሆናል፤ በሠራተኞች መካከል ካለው የሥራ ውጤት ልዩነት በዚህ ባሕርይ የሚብራራው 4 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። የቀረው 96 በመቶ በችሎታ፣ በልምድ፣ በአለቃው ጠባይ፣ በቤተሰብ ሁኔታ፣ በደመወዝና በሌሎች ብዙ ነገሮች የሚወሰን ነው። ለሁሉም አመልካች እኩል የሚቀርብ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ በ2022 በታተመ ግምገማ 0.42 ያህል ተዛምዶ አሳይቷል። ለብዙ ሺህ አመልካቾች አንዲት ጥቂት ብልጫ ያላት መለኪያም ትጠቅማለች የሚለው የአሠሪዎች መከራከሪያ በሒሳብ ደረጃ እውነትነት አለው። ነገር ግን በብዙኃን ላይ በአማካይ የሚሠራ መለኪያ በአንድ ሰው ላይ ብይን ለመስጠት አያበቃም። በሩ የሚዘጋው ደግሞ በአማካዩ ላይ ሳይሆን በአንዱ ሰው ላይ ነው።

ጥያቄው በማን ቋንቋ ነው?

ለኢትዮጵያዊ ሥራ ፈላጊ ሌላ ችግር አለ። መጠይቆቹ በአብዛኛው የተሠሩትና የተፈተኑት በምዕራቡ ዓለም ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። በ2013 ተመራማሪዎች በቦሊቪያ ጫካ የሚኖሩትን የቺማኔ ሕዝቦች ሲያጠኑ አምስቱን ባሕርያት እንደሚጠበቀው ሆነው አላገኟቸውም። በ2019 ደግሞ «ሳይንስ አድቫንስስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የተሰበሰበ ከ94 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ፣ የተለመዱት ጥያቄዎች እንለካዋለን የሚሉትን ባሕርይ ብዙ ጊዜ በትክክል እንደማይለኩ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎች ለጠያቂው አክብሮት ሲሉ ለቀረበላቸው ሐሳብ ሁሉ «አዎ» ማለታቸው ነው።

ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ይሉኝታ የሚለው ቃል አለና። በይሉኝታ ያደገ ሰው ራሱን ሲያወድስ ያፍራል። «እኔ ጥሩ መሪ ነኝ» ለሚለው ዓረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ምልክት ማድረግ ለአንዱ በራስ መተማመን፣ ለሌላው ጉራ ነው። በእንግሊዝኛ እንደ መልካም ባሕርይ የሚቆጠረው ሐሳብን በድፍረት መግለጽ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንደ ተርጓሚው ስሜት ደፋርነት ወይም ዓይን አውጣነት ይሆናል። ከሰው ጋር ቶሎ መግባባትም ተጫዋችነት ወይም ለፍላፊነት ሊባል ይችላል። ዝምታ በአንዱ ቤት ጨዋነት፣ በሌላው ቤት ድብቅነት ነው። በአለቃው ፊት አቀርቅሮ የሚናገር ሰው በአገሩ የተመሰገነ ነበር፤ በአትላንታ መጋዘን መጠይቅ ግን «ተነሳሽነት የሌለው» የሚል ነጥብ ሊሰጠው ይችላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የስደት ሕይወት ራሱ በመልሱ ውስጥ ይገባል። ከጦርነት ሸሽቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ በመጠለያ ጣቢያ ዓመታት ቆጥሮ የመጣ ሰው «ስለ ወደፊቱ ብዙ ጊዜ እጨነቃለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ቢስማማ፣ የስሜት አለመረጋጋት ሳይሆን ያለፈበትን እውነት መናገሩ ነው። መጠይቁ ግን ጭንቀቱን እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። እውነቱን የመለሰ ይቀጣል፤ የሚፈለገውን መልስ የገመተ ያልፋል። እንዲህ ያለው ፈተና ከሐቀኝነት ይልቅ ብልጣብልጥነትን እየመረጠ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

የካይል ቤም ታሪክ አስተማሪነቱ እዚህ ላይ ነው። በሩን የዘጋበት የአራቱ ፊደላት ጨዋታ አልነበረም። ጥያቄዎቹ እርሱ ራሱ እንዳስተዋለው የአምስቱን ባሕርያት መመዘኛ፣ ማለትም ይበልጥ ሳይንሳዊ የሆነውን፣ የሚመስሉ ነበሩ። ስለዚህ «መጥፎውን ፈተና ትተን ጥሩውን እንጠቀም» የሚለው መልስ አይበቃም። የተሻለ የሚለካ መሣሪያ፣ ሰው ሊሰውረው መብት ያለውን ነገር ማለትም ሕመሙንና ስብራቱን ይበልጥ የማየት ኃይል አለው። ስለዚህ የሚዛኑን ትክክለኛነት ከመጠየቅ በተጨማሪ፣ ሚዛኑን ማን እንደያዘውና የተመዛኙ ዓይን ቁጥሩን ማየት መቻል አለመቻሉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንስቶታል። በሰሜን ካሮላይና ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ጥቁር ሠራተኞቹን በዝቅተኛው የጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ያሠራ ነበር። ዘር ለይቶ መቅጠር በሕግ ሲከለከል፣ ወደ ተሻለ ክፍል ለመዛወር የጽሑፍ ፈተና ማለፍን መሥፈርት አደረገ። ጥቁር ሠራተኞች ተቃወሙ፤ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ፈተናው ለሁሉም እኩል ቢቀርብም፣ አንዱን ወገን ለይቶ የሚጥል ከሆነና ከሥራው ጋር ያለው ዝምድና ካልተረጋገጠ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ አሠሪ ሥራ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ከመግባቱ በፊት አመልካቹን የጤና ምርመራ እንዳያደርግበት ከለከለ፤ የአእምሮ ጤናም በዚህ ውስጥ ይካተታል። በዚሁ ሕግ መሠረት በ2005 መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሬንት-ኤ-ሴንተር የተባለ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ዕድገት የተጠቀመበት የሚኒሶታ የስብዕና መጠይቅ የጤና ምርመራ በመሆኑ ሕጉን እንደሚጥስ ወስኗል።

ሮላንድ ቤም የያዙት ይህንኑ መንገድ ነው። ልጃቸው ላመለከተባቸው ሰባት ታላላቅ ኩባንያዎች ቅሬታቸውን አሳወቁ፤ ጉዳዩንም ወደ ፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አደረሱት። የክርክራቸው ጭብጥ፣ ጥያቄዎቹ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ለይተው የሚያወጡ ከሆነ፣ ሐኪም ባይኖርም የጤና ምርመራ ናቸው የሚል ነው። ከኩባንያዎቹ አንዱ የሆነው ሎውስ በ2017፣ የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸው አመልካቾች በቀላሉ እንዲታዩ የማመልከቻ ሥርዓቱን ማሻሻሉን አስታውቋል። ካይል ግን ብዙ አልቆየም፤ በ2019፣ ዘጋቢ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ ከዚህ ዓለም ተለየ። የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ጤናው ተመልሶ መሥራት የሚፈልግን ወጣት ማንም በአካል ሳያየው «አትሆንም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል።

የምዘናዎቹ ደጋፊዎች ክርክር ባዶ አይደለም። ሰው ሰውን ሲመርጥ ያዳላል፤ የዘመድ ልጅን፣ የሰፈሩን ልጅ፣ ስሙ ለአፍ የሚቀልለትን ይመርጣል። በአነጋገሩ ቅላጼ ብቻ የተገፋ ኢትዮጵያዊ ይህን ያውቃል። መጠይቅ ስምና መልክ አያይምና ከአድልዎ የጸዳ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ተስፋ የሚፈጸመው ግን መጠይቁ ከሥራው ጋር ያለው ዝምድና ሲረጋገጥ፣ ውጤቱ ለተፈታኙ ሲገለጽ፣ ስሕተት ሲኖርም የሚሰማ ሰው ሲኖር ነው። ያዳላ ሰው ሊጠየቅ፣ ሊያፍር፣ ሊመለስ ይችላል። የተደበቀ ቀመር ግን አያፍርም። አንድ ዓይነት ቀመር በብዙ ኩባንያዎች በር ላይ ሲቆም ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው በሁሉም ዘንድ የወደቀ ይሆናል። ድሮ አንዱ አሠሪ የገፋውን ሌላው ይቀበለው ነበር።

መስታወት እንጂ በር ጠባቂ አይሁን

ከዚህ ሁሉ ምን ይወሰድ? ፈተናዎቹን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ጓደኛሞች አራት ፊደላቸውን ተነጋግረው ቢሳሳቁ፣ ባልና ሚስት «አንተ ሲከፋህ ዝም ትላለህ፣ እኔ ደግሞ መናገር ይቀለኛል» ብለው ቢግባቡበት ጉዳት የለውም። የውይይት መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በሐኪም እጅ ሲሆን ደግሞ በሚገባ የተፈተነ መጠይቅ ለሕክምና ይረዳል፤ ካይልም በሆስፒታል ሲጠየቅ ጥያቄው ሊረዳው የቀረበ ነበር። ያው ዓይነት ጥያቄ በመደብሩ በር ላይ ሲቀርብለት ግን ዓላማው ሌላ ሆነ። መሣሪያው የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ለማን አገልግሎት እንደሚውል ታይቶ ነው።

ስለሆነም በአትላንታም ሆነ በሌላ ከተማ ሥራ የሚፈልግ ወገን ጥቂት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በስብዕና ፈተና መውደቅ ስለ ሰውነቱ የተሰጠ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ደካማ መሣሪያ የሰጠው ግምት ነው። የአካል ወይም የአእምሮ ጤና ችግር ያለበት አመልካች፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ሲያመለክት የፈተናው ሁኔታ እንዲመቻችለት የመጠየቅ መብት አለው። መብቱ ተጥሷል ብሎ የሚያምን ሰው በጆርጂያ ግዛት በ180 ቀናት ውስጥ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላል። የኮሚዩኒቲ ማኅበራትም አዲስ መጪዎችን ስለ ማመልከቻ አሞላል ሲያሠለጥኑ ይህን ቢጨምሩበት ሸክም አይሆንባቸውም።

አሠሪዎችን በተመለከተ ደግሞ፣ በአሜሪካም ሆነ ይህን አሠራር ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት በሚያስቡ ተቋማት፣ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ሊመለሱ ይገባል። ፈተናው ከዚህ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚህ አገር ቋንቋና ባህል ተፈትኗል ወይ? የወደቀው ሰው ለምን እንደወደቀ የሚነግረው አለ ወይ? ለሦስቱም መልስ የሌለው ተቋም ዘመናዊ ምዘና እየተጠቀመ ሳይሆን የሥራ ፈላጊውን ኮከብ እየቆጠረ ነው።

አባቶች ሰውን ለማወቅ አብሮ መንገድ መሄድ፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መቸገር ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ይህ ለሺህ አመልካቾች የማይቻል መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ሰውን ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ለጥቂት ቀናት አሠርቶ ማየት፣ የሚያውቁትን መጠየቅ ይቻላል። በዚያ ሱፐርማርኬት ካይልን የሚያውቅ፣ ሠርቶ እንደሚያሳይ ሊመሰክርለት የሚችል ጓደኛ ነበረ። ከጓደኛው ምስክርነት ይልቅ የተሰማው የኮምፒውተሩ ቀይ መብራት ነው።